የመንገደኛው ትሪ በሸዋ ሮቢት



በማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሣ የደሴ አውቶቡስ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። ደጋ ላይ የተደረበው ጋቢ እዚህ ይወልቃል። ሹፌሩ “ምሳ!” ሲል ተሳፋሪው ለሁለት ይከፈላል። ሙስሊሙ “የሙስሊም ምግብ ቤት” የሚል ሰሌዳ ወዳለበት ያመራል። ይህ ጠብ አይደለም፤ የሥጋው እርድ ስለሚለይ ነው። ሻይና ቡናው ላይ ሁሉም ተመልሶ ይገናኛል።

በደረሳነቴ የማውቀው የሙስሊም ምግብ ቤት ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ክፍል ነበር። በር ላይ የዉዱእ ማንቆርቆሪያ፣ ከጓሮ ለሰላት የተነጠፈ ሰሌን አይጠፋም። ሽንኩርትና ማሾ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ፣ የትምባሆ እርሻው ሠራተኛ፣ ግመሉን ያሰረ አፋር፣ ከተራራው የወረደ አርጎባ ነጋዴ እዚያ ይቀመጡ ነበር። የገበያው ዋጋ የሚሰማው እዚያ ነው፤ የተጣላ የሚታረቀውም እዚያ ነው።

በይፋት እንግዳ መቀበል ከአስፋልቱ ይቀድማል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገናና የሆነው የወላስማዎች የይፋት ሱልጣኔት ከዘይላ ወደብ ወደ ደጋ የሚወጣውን የንግድ መንገድ ይዞ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን አል ዑመሪ የተባለው ዐረብ ጸሐፊ ስለ ይፋት ሲጽፍ ጤፉንና ጫቱን ሳይቀር አንስቷል። በአስባሪ፣ በመሳልና በኖራ የሚታየው የጥንት ከተሞችና መስጊዶች ፍርስራሽም የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ሲራራ ነጋዴው በየመንደሩ ሲያድር ማዕድ የሚቀርብለት በአላህ እንግድነቱ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን የጣርማ በር ተራራ በዋሻ ተበስቶ የመኪና መንገድ ሲወጣ፣ የበቅሎውን ቦታ ካሚዮን ያዘው። የእንግዳ ማረፊያውም ቀስ በቀስ ምግብ ቤት ሆነ።

አንድ ረመዳን እኛ ወጣቶች ተሰብስበን ወደ ባለቤቷ ሄድንና “ቀን ቀን ይዘጋ” አልናት። ሴትዮዋ መልስ ሳትሰጠን ወደ ሸይኻችን ላከችን። እርሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ፣ “ልጆቼ፣ ታሞ ለሕክምና የሚሄደውን መንገደኛ ከማን ቤት ልታበሉት ነው?” አሉን። ዝም አልን። “መጋረጃው ይውረድ፤ ምድጃው ግን አይጥፋ” ብለው አሰናበቱን።

በሱረቱል በቀራ አላህ ለታመመና ለመንገደኛ ፈቅዶ፣ ያፈረሱትን ቀን በሌላ ጊዜ እንዲጾሙ አዟል። እኛ ግን ከእርሱ ፈቃድ በላይ ልንጠነክር ነበር። ዛሬ ኢማም ሆኜ ይኸው ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣልኛል። በሻፊዒይ መዝሀብ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሆን፣ ለኃጢአት ላልታሰበና ጎህ ሳይቀድ ለተጀመረ ጉዞ ጾምን ማፍረስ ይፈቀዳል። ለማይከብደው መጾሙ ይበልጣል፤ የሚጎዳው ያፍርስና ቀዷውን ያውጣ። ከመጋረጃ ኋላ የተቀመጠውን ሰው ግን አንጠይቀው፤ ሕመሙንና መንገዱን አላህ ያውቃል።

የዚያች ቤት ማዕረግ የሚታየው ማታ ነበር። መግሪብ ሲቃረብ ቴምር፣ ውሃ፣ የአጃ ሾርባ፣ የምስር ሳምቡሳና አብሽ ይሰለፋል። የመጀመሪያው ትሪ የመንገደኛው ነው፤ የከተማው ሰው ቀጥሎ ይቀመጣል። ሒሳብ የሚነሣው ከሰላት በኋላ ነው፤ የሌለው ደግሞ አይጠየቅም። ጾመኛን ያስፈጠረ፣ ከጾመኛው ምንዳ ሳይጎድል የእርሱን ያህል እንደሚያገኝ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ሴትዮዋ ኪታብ አልቀራችም፤ ሐዲሱን ግን ትኖረው ነበር።

ያ ምድጃ የጠፋበትን ጊዜም አይተናል። በ2013 ዓ.ም. ረመዳን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት በአጣዬና በአካባቢዋ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። መንገዱ ሲዘጋ ትሪውም ታጠፈ። ሰላም ሲመለስ መጀመሪያ የፈለግሁት ከምግብ ቤቶቹ ጓሮ የሚወጣውን ጭስ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲጀምሩ፣ የምስሩ ሳምቡሳ ለሁለቱም ጾመኛ የሚሆን ነበር።

ያቺ ክፍል ዛሬ የለችም። መንገደኛውም መሽቶበት እንዳይቀር እየፈራ በጥድፊያ ያልፋል፤ ብዙው ሰው አውቶቡስ ውስጥ በብስኩትና በላስቲክ ውሃ ያፈጥራል። እናንተ በመንገድ ዳር የምትኖሩ ቤተሰቦች፣ ከኢፍጣራችሁ አንዲት ትሪ ለማታውቁት ሰው ለዩ። ልጆቻችሁ ተሸክመው መናኸሪያ ያድርሱት፤ እንዲህ ያለው ነገር በቃል ብቻ አይወረስም።

አላህ መንገዳችንን ሰላም፣ ጾማችንን ተቀባይነት ያለው ያድርግልን። ረመዳን ሙባረክ!