ኢንተርኔት በመብራት መስመር፦ ለጌም የሚሆነው መቼ ነው?

ጌም ከምትጫወቱት ቤተሰቦቼ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው፣ ፊልም ሳይቆራረጥ ያሳየኛል፣ ጌም ላይ ግን ላግ ያደርጋል። ለምን?»

ጌም ብዙ ፍጥነት አይፈልግም። አብዛኛው ኦንላይን ጌም በሰከንድ 1 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም። የሚፈልገው እያንዳንዷ መልእክት በሰዓቷ እንድትደርስ ነው። ፊልም ቀድሞ ስለሚያጠራቅም ዋይፋዩ ለአፍታ ቢደናቀፍ አይታወቃችሁም። ጌም ግን አስቀድሞ የሚያጠራቅመው ነገር የለውም፤ ኳሷን የምትመቱት አሁን ነው።

ራውተሩ ሳሎን፣ ኮንሶሉ የኋላ ክፍል ከሆነ መሐላቸው የብሎኬት ግድግዳ አለ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ ይጨመርበታል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ሁሉም እዚያው ይጋፋል።

ላን ኬብል መዘርጋት ከቻላችሁ እሱን የሚያህል የለም። ካልቻላችሁ ፓወርላይን አዳፕተር የሚባል ጥንድ ዕቃ አለ። አንዱን ራውተሩ አጠገብ ካለ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ በአጭር ላን ኬብል ከራውተሩ ጋር ታገናኙታላችሁ፤ ሁለተኛውን ኮንሶሉ ጋ። ዳታው በግድግዳው ውስጥ ባለው የመብራት ሽቦ ይሄዳል። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ አዳፕተሮቹ የሚነጋገሩት ከ2 ሜጋኸርዝ በላይ በሆነ ሞገድ ስለሆነ ሁለቱ ሳይምታቱ በአንድ ሽቦ ያልፋሉ።

ለታናሽ ወንድሜ ስገጥምለት ልዩነቱን በዓይናችን አየነው። በዋይፋይ ራውተሩን ፒንግ ስናደርግ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ስንለካ) 3 ይላል፣ ድንገት 80፣ ተመልሶ 5። በፓወርላይን 4፣ 5፣ 5፣ 6 እያለ ቀጠለ። ፈጣን ስለሆነ ሳይሆን ስለማይዘል ነው ጨዋታው የተስተካከለለት። ቁጥሩን እያየን የስልክ ቻርጀር ከአዳፕተሩ ጎን ስንሰካ ወዲያው መዝለል ጀመረ። ቻርጀሩን ነቅለን ሌላ ግድግዳ ላይ ስንሰካው ተረጋጋ።

ልትገዙ ካሰባችሁ እነዚህን ያዙ፦

🔌 አዳፕተሩን በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሰኩ። ዲቫይደር፣ ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ፣ በተለይ መከላከያ ያላቸው፣ ሲግናሉን እንደ ረብሻ ቆጥረው ያዳክሙታል ወይም ያጠፉታል።

📦 ካርቶኑ ላይ 1200 የሚለው ቁጥር የመላኪያና የመቀበያ ፍጥነት ድምር ነው፤ ያውም በላቦራቶሪ። ቤት ውስጥ የምታገኙት የዚያ ጥቂቱን ነው። 600 ተብለው የላን ቀዳዳቸው 100 ሜጋቢት ብቻ የሆኑም አሉ፤ ሳትጠይቁ አትግዙ። ለጌም ግን 100ውም ይበቃል።

⚡ ሁለቱም ሶኬቶች በአንድ ቆጣሪ ሥር ይሁኑ። ቤታችሁ ስሪ ፌዝ ከገባለት ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ፌዝ ላይ መሆናቸውን ኤሌክትሪሻን ያረጋግጥላችሁ፤ ካልሆነ ሲግናሉ ይደክማል ወይም ጭራሽ አይደርስም።

🔒 በአንድ ቆጣሪ ብዙ ተከራይ በሚኖርበት ግቢ ሲግናሉ ጎረቤት ሶኬት ድረስ ይሄዳል። ሁለቱም አዳፕተሮች ላይ ያለችውን የማጣመሪያ ቁልፍ ተጫኑ፤ ያን ጊዜ የራሳችሁን የሚስጥር ቁልፍ ይይዛሉ።

💡 መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉት፣ ተመልሶ ሲረጋጋ ሰኩት። መከላከያ ላይ መሰካት ስለማይመከር ከኃይል መዋዠቅ የምታድኑት በእጃችሁ ነው።

የማይፈታውንም ልንገራችሁ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ሰርቨሩ እዚያ ከሆነ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ አይወርድም። ያንን የትኛውም አዳፕተር አያሳጥረውም። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ከባድ ፋይል እያወረደ መስመሩን ከሞላውም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጌም በምትጫወቱበት ሰዓት፣ ከምትጫወቱበት ቦታ፣ በዋይፋይ በተገናኘ ላፕቶፕ ራውተራችሁን ለጥቂት ደቂቃ ፒንግ አድርጉ። ቁጥሩ ከዘለለ ችግሩ ቤታችሁ ውስጥ ነው፤ ፓወርላይን ሊጠቅማችሁ ይችላል። ከተረጋጋ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነውና አትግዙ።

ቤት እያሠራችሁ ያላችሁ ደግሞ ዕድሉ በእጃችሁ ነው። ግድግዳው ሳይለሰን ከመብራቱ ቱቦ ራቅ ያለ ሌላ ቱቦ አስቀብሩና ካት 6 ኬብል ወደ እያንዳንዱ ክፍል አስገቡ። አሁን የምታወጡት ወጪ ትንሽ ነው፤ ከተለሰነ በኋላ ግን ግድግዳ ማስፈልፈል ነው የሚጠብቃችሁ።