በውድ ዋጋ የተገዛ ሽቦ አልባ ማዳመጫ ድምፁ ለምን ይደበዝዛል?

ለአንድ ሽቦ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ብዙ ሺህ ብር የከፈለ ሰው፣ የሚሰማው ድምፅ ከርካሹ ማዳመጫ ብዙም እንዳልተለየ ሲረዳ ተታለልኩ ማለቱ አይቀርም። ይኹን እንጂ ጥፋቱ ሁልጊዜ የሻጩ ወይም የማዳመጫው አይደለም። ምክንያቱ ስልኩና ማዳመጫው በሚግባቡበት የድምፅ ማመቂያ ስልት ውስጥ ተሰውሮ ሊገኝ ይችላል።

ድምፁ እንዴት ይጓዛል?

በሲዲ ላይ የተቀረጸ ሙዚቃ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44 ሺህ 100 ጊዜ የተለካ ድምፅ ሲኾን፣ ለግራና ለቀኝ ጆሮ በድምሩ በሰከንድ 1 ሺህ 411 ኪሎቢት ያህል መረጃ ይይዛል። የተለመደው ብሉቱዝ ይህን ሁሉ ጭነት ሳይቆራረጥ የማድረስ አቅም የለውም። ስለዚህ ስልኩ ድምፁን አምቆ ይልካል፤ ማዳመጫው ደግሞ የታመቀውን ፈትቶ ያሰማል። ይህ የማመቅና የመፍታት ስልት ኮዴክ ይባላል።

ሥራው በአውድማ ላይ ምርት ከማዝራት ጋር ይመሳሰላል። ገበሬው እህሉን በላይዳ ወደ ላይ ሲበትን ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል፤ ፍሬው ይቀራል። ኮዴክም የሰው ጆሮ ብዙም የማይለየውን የድምፅ ክፍል ትቶ ዋናውን ያስቀራል። አዝሪው የተካነ ከኾነ የሚሄደው ገለባው ብቻ ነው፤ ካልኾነ ግን ፍሬውም አብሮ ይባክናል። በድምፅ ላይ ይህ ጉድለት ፈጥኖ የሚታወቀው እንደ ጸናጽልና ጭብጨባ ባሉ ቀጫጭንና ፈጣን ድምፆች ነው።

ዋና ዋናዎቹ ስልቶች

ኤስ ቢ ሲ፦ በተለመደው ብሉቱዝ ሙዚቃ የሚያስተላልፉ መሣሪያዎች ሁሉ ሊኖራቸው የሚገባ የጋራ ቋንቋ ነው። በጥሩ አሠራሩ በሰከንድ 328 ኪሎቢት ያህል ያስተላልፋል።

ኤ ኤ ሲ፦ የአይፎን ስልኮች በዋናነት የሚጠቀሙበት ነው። በአይፎን ላይ ጥሩ ውጤት ሲሰጥ፣ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ጥራቱ ከስልክ ስልክ ይለያያል።

አፕት ኤክስ፦ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት የተጣለ ሲኾን፣ ዛሬ የኳልኮም ኩባንያ ንብረት ነው። መደበኛው 352፣ ኤች ዲ የተባለው ደግሞ 576 ኪሎቢት ያስተላልፋል።

ኤል ዳክ፦ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2015 ያስተዋወቀው ሲኾን፣ በሰከንድ በ330፣ በ660 ወይም በ990 ኪሎቢት ይሠራል።

ኤል ሲ ሦስት፦ እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የኾነ አዲስ ስልት ነው። ከኤስ ቢ ሲ ባነሰ መረጃ ተመጣጣኝ ወይም የተሻለ ጥራት እንዲሰጥና ባትሪ እንዲቆጥብ ታስቦ የተሠራ ነው።

ትልቁ ቁጥር ሁልጊዜ አይረታም

መታወቅ ያለበት ዋና ነገር፣ ስልቱን ስልኩም ማዳመጫውም መደገፍ እንዳለባቸው ነው። ለምሳሌ አይፎን ኤል ዳክን አይደግፍም። ስለዚህ በኤል ዳክ ምክንያት ውድ ማዳመጫ የገዛ የአይፎን ባለቤት የከፈለበትን አያገኝም፤ ሁለቱ መሣሪያዎች በኤ ኤ ሲ ወይም በኤስ ቢ ሲ ይግባባሉ።

ኤል ዳክን የሚደግፍ ስልክ ያለውም ቢኾን ሁልጊዜ 990 ኪሎቢት አያገኝም። ብሉቱዝ የሚጠቀመው ዋይፋይም የሚሠራበትን የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ በመኾኑ፣ ብዙ መሣሪያዎች በሚበዙበት አካባቢ ስልኩ መጠኑን ወደ 660 ወይም ወደ 330 ሊያወርደው ይችላል። መጠኑ በከፍተኛው እንዲጸና ከተደረገ ደግሞ ድምፁ ይቆራረጣል።

የሙዚቃው ምንጭም ወሳኝ ነው። በሚሞሪ ካርድ የሚጫኑና በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩ ብዙ ዘፈኖች አስቀድመው ታምቀው ጥራታቸውን ያጡ ናቸው። አንድ ጊዜ የተጣለን ድምፅ የትኛውም ኮዴክ አይመልሰውም።

በስልክ ስናወራ የድምፁ ጥራት በድንገት የሚወርድበትም ምክንያት አለ። የማዳመጫው ማይክራፎን ሥራ ሲጀምር የተለመደው ብሉቱዝ ወደ ንግግር መስመር ይዞራል፤ ድምፁም በሰከንድ 8 ሺህ ወይም 16 ሺህ ጊዜ ብቻ ይለካል። ይህ ብልሽት ሳይኾን የአሠራሩ ጠባይ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

በመጀመሪያ ስልክዎ የትኛውን ስልት እንደሚደግፍ ያረጋግጡ። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ብሉቱዙ ከማዳመጫው ጋር ሲገናኝ በሥራ ላይ ያለውን ኮዴክ ከስልኩ ቅንብር ውስጥ ማየት ይቻላል። ከተቻለም ማዳመጫውን ከመክፈልዎ በፊት ከራስዎ ስልክ ጋር አገናኝተው፣ በደንብ የሚያውቁትን ዜማ ያዳምጡበት።

ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ከኾነ የጎማውን ልክ ያስተውሉ። ጎማው ጆሮን በአግባቡ ካልገጠመ እንደ በገና ያለው ወፍራም ድምፅ ይሳሳል፤ ይህን ጉድለት ደግሞ ውድ ኮዴክ አይሞላውም። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ ማዳመጫ በኤስ ቢ ሲ እንኳ፣ በኤል ዳክ ከሚሠራ ደካማ ማዳመጫ የተሻለ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ለተጻፈው የኮዴክ ስም ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል የሚያዋጣው፣ ስልክዎ የሚደግፈው ከኾነና ልዩነቱንም በራስዎ ጆሮ ከሰሙት ብቻ ነው።