ኢንትሮፒና የድሬዳዋ በርሜሎች

እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያዎቹ ሰባት ወራት ድሬዳዋ ውስጥ 2,425 ሰዎች በወባ መያዛቸው ተመዘገበ። ከሦስት ዓመት በፊት የተመዘገበው 205 ብቻ ነበር። የሚያስደነግጠው ግን የቁጥሩ መናር ብቻ አይደለም። ወባን የምናውቃት ክረምቱ ሲወጣ፣ ኩሬና ረግረጉ ሲበዛ የምትነሣ የቆላ ገጠር በሽታ አድርገን ነው። ይህችኛዋ በበጋ፣ በአስፋልትና በሲሚንቶ መካከል መጣች። ወረርሽኙን ተከታትለው ያጠኑት የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባለሙያዎችና ባልደረቦቻቸው ያገኟት አስተላላፊ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለች የትንኝ ዝርያ ናት። መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ከተማ ውስጥ የምትራባው በአመዛኙ ሰው ውሃ በሚያጠራቅምባቸው ነገሮች ነው፤ በበርሜል፣ በሮቶ፣ በሲሚንቶ ገንዳ።

ሰው ውሃ የሚያጠራቅመው ቧንቧውን ስለማያምነው ነው። የወባው ታሪክ ከሕክምና ወጥቶ ወደ ፊዚክስ፣ ከፊዚክስም ወደ ፖለቲካ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው። ማንም ሳይመታው፣ ማንም ሳያፈርሰው እየላላ የሚሄድን ነገር ሳይንስ የሚለካበት ቃል አለው፤ ኢንትሮፒ ይባላል።

ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1865 ያወጣው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ክላውዚየስ ሲሆን፣ ጥያቄው የተነሣው ከእንፋሎት ሞተር ነው። ድሬዳዋም የእንፋሎት ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስለከበደው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከግርጌው ቆመ፤ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። በእንፋሎት ባቡር ውስጥ ከሚነደው እሳት የተወሰነው ሙቀት መንኮራኩር ያዞራል፤ የቀረው ወደ አየሩ ይበተናል። የተበተነው ሙቀት አልጠፋም፣ ጉልበቱ እንዳለ ነው፤ ግን ተሰብስቦ ተመልሶ መንኮራኩሩን አያዞርም። ክላውዚየስ የለካው ይህን መበተን ነው። ወደ ውጭ ምንም በማይሰጥ፣ ከውጭም ምንም በማይቀበል ሥርዓት ውስጥ መበተኑ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ለምን እንደሆነ ያስረዳው ኦስትሪያዊው ሉድቪግ ቦልትስማን ነው፤ ቀመሩ ቪየና በሚገኘው የመቃብር ሐውልቱ ላይ ተቀርጿል። ሐሳቡን በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እንየው። አሥር የሕሙማን ካርዶች በ3,628,800 መንገዶች ሊደረደሩ ይችላሉ። ከእነዚህ ውስጥ በቁጥር ቅደም ተከተል የሆነው አንድ ብቻ ነው። በሰከንድ አንድ አደራደር ብንሞክር ሁሉን ለመጨረስ 42 ቀን ይፈጃል። እንግዲህ ካርዶቹ ሲነኩ፣ ሲወጡና ሲገቡ መዘበራረቃቸው ክፉ ሰው ስለገባ አይደለም። የመዘበራረቅ መንገዱ እጅግ ብዙ፣ የሥርዓት መንገዱ እጅግ ጥቂት በመሆኑ ነው። ካርድ ክፍል ተራ ጠብቆ «ካርድዎ አልተገኘም» የተባለ፣ በሽታውን ለአዲስ ሐኪም ከሀ ጀምሮ የነገረ ሁሉ ይህን ሕግ በገላው ያውቀዋል። ካርዶቹ በቦታቸው የሚቆዩት አንድ ሠራተኛ በየቀኑ ሲመልሳቸው ብቻ ነው።

ታዲያ ዓለም ሁሉ ወደ መበተን ከሄደ ሕይወት ያለው ነገር እንዴት ይቆማል? የፊዚክስ ሊቁ ኤርቪን ሽሮዲንገር እ.ኤ.አ. በ1944 የመለሰው ይህን ነው፤ ሕይወት ያለው አካል ዝግ አይደለም። ከውጭ ምግብና ጉልበት ያስገባል፣ መበተኑን ወደ ውጭ ይገፋል። ከተማም እንዲሁ ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት፣ ምንም ብክነት ባይኖር እንኳ፣ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ እውነተኛ ፓምፕ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይወስዳል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል፣ በተሰነጠቀው በኩል ከአፈሩ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጠንካራው የከርሰ ምድር ውሃ የሚተወው ነጭ ክምችትም መስመሩን ቀስ እያለ ያጠበዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዝምታ ነው። የተሰበረ ድልድይ ፎቶ ይነሣል፤ የጠበበ ቧንቧ አይነሣም።

ድሬዳዋ ጥገና ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቅ ከተማ መሆኗ ነው የሚያሳዝነው። የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ትውልድ ያሳደገ ትምህርት ቤት ነበር። ከውጭ መለዋወጫ መምጣቱ ሲቀር ሠራተኞቹ ቶርኖ ላይ ቆመው ክፍሉን ራሳቸው ይቀርጹ፣ ያለቀውን ኩሽኔታ አውጥተው ሌላ ያበጁ ነበር። እንደዚያ ያለ እውቀት መጽሐፍ ውስጥ ብቻ አያድርም፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው መስመር ከ90 ዓመት በላይ አገልግሎ ሲደክም ዝገቱ ከሐዲዱ ቀድሞ የጀመረው በበጀቱ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ ደስ ብሎናል፤ ልክም ነበር። አዲስ መሥራት ግን አሮጌውን ካለመጠገን ዕዳ ነጻ አያወጣም። አዲሱም ከተመረቀበት ቀን ማግስት ጀምሮ ማርጀት ይጀምራል።

ከሽሮዲንገር ሐሳብ ውስጥ ለፖለቲካ የሚቀርበው ክፍል፣ በአንድ ቦታ ሥርዓት ሲሠራ መበተኑ ወደ ሌላ መገፋቱ ነው። ቤተሰብ በርሜሉን ሞልቶ ለራሱ ሥርዓት ሠራ፤ ትንኟ ግን ወደ ጎረቤት በረረች። አቅም ያለው ትልቅ ሮቶና ጄኔሬተር ገዛ፤ ስለ ቧንቧው የሚጮኸው ድምፅ በዚያው ልክ ቀነሰ። ይህ እስከ ላይ ይደርሳል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ያረፉት ብራስልስ ነበር፤ ከእርሳቸው በፊትም በኋላም ብዙ ባለሥልጣንና ባለሀብት ሲታመም አገር ጥሎ ይወጣል። በሕክምና መሻሉን አልነፍግም። ግን በአገሩ ሆስፒታል የማይተኛ ወሳኝ ሰው የሆስፒታሉን መላላት በገላው አይሰማውም። የድሬዳዋ ሥልጣን ለዓመታት በብሔር ወገኖች መካከል 40-40-20 በሚባል የመቶኛ ድርሻ ሲከፋፈል ኖሯል። ቀመሩ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው የየትኛው ወገን እንደሆነ ይናገራል፤ ፓምፑ መቼ እንደሚፈተሽ ግን አይናገርም።

እዚህ ላይ ግን ምሳሌው ሊያታልለን ይችላል። ኢንትሮፒ ውሳኔ የለውም፣ አይሾምም፣ አይሻርም። «ሥርዓት መፍረሱ አይቀሬ ነው» ብሎ ፊዚክስን መጥቀስ ኃላፊነትን ማምለጫ ነው፤ አልቀበለውም። ሕጉ የሚለው ዝግ ሥርዓት ይፈርሳል ነው፤ አገር ዝግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወረደ። ያወረደው ክትባት፣ አጎበር፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ማለትም ያላቋረጠ ሥራ ነው። ሥራው ሲላላ ደግሞ የሚሆነውን አይተናል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሚሊዮን ያልሞላው የአገሪቱ የወባ ቁጥር፣ በ2024 እስከ ጥቅምት ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን አልፏል። ጦርነት፣ የአየር ሁኔታና መድኃኒት መቋቋም ሁሉም ድርሻ አላቸው።

ለመጠገን ደግሞ የቱ እንደተበላሸ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያንን የሚናገረው ሥራው ላይ ያለው ሰው ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው በየቦታው ሥራ ሲያቆሙ ከመካከላቸው የታሰሩ ነበሩ። የቦይለሩን ግፊት የሚያሳየውን ጌጅ ነቅሎ መጣል ግፊቱን አይቀንሰውም።

ድሬዳዋን በርሜሉ ቀድሞም አስጠንቅቋት ነበር። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ከተማዋን አዳርሰዋል፤ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባለው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው እዚያው በርሜል ውስጥ ነው። ክዳኑን አንሥቶ በባትሪ ብርሃን ላየው ሰው ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የኤደስ እጭ ጭንቅላቷን ወደ ታች ዘቅዝቃ በመተንፈሻ ቱቦዋ ከውሃው ገጽ ላይ ትንጠለጠላለች፤ የአኖፊለሷ ግን እንደ ቁራጭ ጭድ ከውሃው ጋር ተጋድማ ትተኛለች። አንድ ዕቃ ሁለቱንም ሊያሳድግ ይችላል።

በድሬዳዋ ሙቀት እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ ለመብረር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ የጤና ባለሙያዎች ምክር ትክክል ነው፤ ዕቃውን ክደኑት፣ በየሳምንቱ ድፉት፣ ጠርዙን ፍቃችሁ እጠቡት። ውሃ በየሁለት በየሦስት ቀኑ የሚመጣለት ቤት ይህን ማድረግ ይችላል። ፈረቃው ከሳምንት ያለፈበት ቤት ግን የሚጠጣውን ውሃ መሬት ላይ እንዲያፈስ ነው የተጠየቀው፤ አያፈሰውም፣ ሊያፈሰውም አይገባም። በዚያ ሰፈር የወባ መከላከያው ሥራ ጤና ቢሮ ውስጥ ሳይሆን የውሃው ፈረቃ በሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ፣ ፓምፑን የሚጠግነው ባለሙያ በሚከፈልበት የበጀት መደብ ላይ ይወሰናል።