የሸክላ ምድጃው ለምን ደከመ?

በቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው አንባቢ ሬዚስታንስ የሚባለውን ጥምዝ ሽቦ በሚገባ ያውቀዋል። ሲበጠስ ጫፎቹ ተጠማዝዘው ይገናኙና ለጥቂት ጊዜ እንጀራ ይጋገርበታል። ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚግል የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ውስጥ ግን ይህ ዘዴ አያዋጣም።

የሥነ ጥበብ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን የሚተኩሱበት አንድ ምድጃ፣ ዐውደ ርእያቸው ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው «ደከመ» ተባለና እንድናየው ተጠራን። ብሬከሩ አልወደቀም፤ ሽቦዎቹም ሁሉ ይግላሉ። ሆኖም ሙቀቱ 1000 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ለሰዓታት ባለበት ይቆማል።

በምድጃው መለያ ሰሌዳ ላይ 220 ቮልት፣ 4400 ዋት ተጽፏል። ይህም 20 አምፔር ከረንትና 11 ኦም ተቃውሞ ማለት ነው። ኤሌክትሪኩን ቆርጠን ስንለካ 12.1 ኦም አገኘን። የቮልቴጁን ካሬ ለዚህ ብናካፍል ውጤቱ 4000 ዋት ብቻ ይሆናል። ቅናሹ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ምድጃው ወደ ከፍተኛ ሙቀቱ ሲቃረብ የሚገባው ሙቀት በግድግዳው ከሚያመልጠው ጋር ሊተካከል ጥቂት ይቀረዋል፤ እርጅና የወሰደውም ያንኑ ጥቂት ትርፍ ነው።

ሽቦው ካንታል ይባላል፤ በ1931 በስዊድን ለገበያ የቀረበ የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ሲግል አሉሚኒየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሽቦውን የሚጠብቅ ስስ የአሉሚና ልባስ ይሠራል። ልባሱ በተሰነጠቀ ቁጥር አዲስ አሉሚኒየም ይወጣል፤ ክምችቱ እየተመናመነ ሲሄድ ሽቦው ይከሳል፣ ተቃውሞውም ይጨምራል። የካንታል ተቃውሞ በሙቀት የሚለወጠው በጥቂት በመቶ ብቻ ስለሆነ በቀዝቃዛው መለካታችን አላሳሳተንም። በአምፖል ሽቦ ቢሆን ኖሮ ልኬቱ ከንቱ ነበር።

አሮጌው ሽቦ እንደ ደረቅ ጭራሮ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከጡቡ ቦይ በፒንሳ ቁርጥራጩ ተለቅሞ ይወጣል። አዲሱ በእኩል ርቀት መዘርጋት አለበት፤ ጥምዞቹ የተጠጋጉበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ይግላልና። (ለ240 ቮልት የተሠራ ሽቦ በ220 ቮልት ከኃይሉ 84 በመቶውን ብቻ እንደሚሰጥ አዛዦች ልብ ይበሉ።) በጡቡ ውስጥ የሚያልፈው ጫፍ ድርብ ሆኖ የተጠማዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውፍረቱ ሲደርብ ተቃውሞው በግማሽ ይቀንሳል፣ በዚያ ከረንት የሚያመነጨው ሙቀትም እንዲሁ።

ስሕተት የሠራነው እዚህ ላይ ነው። ሽቦዎቹን ቀይረን የድሮዎቹን መጋጠሚያ ብሎኖች መልሰን ተጠቀምን። በሁለተኛው ትኮሳ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። በመጋጠሚያው ላይ 0.1 ኦም ተቃውሞ ቢኖር በ20 አምፔር 40 ዋት ሙቀት ይፈጠራል፤ የሬዲዮ ጠጋኞች የመበየጃ ብረት ያህል ማለት ነው፣ ያውም በአንዲት ብሎን ላይ። ሙቀቱ ብሎኑን ያዝገዋል፣ ዝገቱ ተቃውሞውን ያሳድጋል፣ ያም ሙቀቱን ይጨምራል። አዳዲስ መጋጠሚያዎች ገዛን፤ የሽቦውን ጫፍ እስኪያበራ ፋቅን፤ ተራውን የፕላስቲክ ሽፋን ገመድም ሙቀት በሚችል የመስታወት ጭረት ሽፋን ባለው ተካን።

ከዚያም ልባሱ እንዲሠራ ምድጃውን ባዶውን አጋልነው። ሥራዎቹ ዐውደ ርእዩ ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው ተተኩሰው ወጡ፤ ከአንድ እንስራ በቀር ሁሉም ደህና ነበሩ። በመጋጠሚያው ሳጥን ክዳን ውስጥ «11.0 ኦም» ብለን ከነቀኑ ጽፈናል።