ኪያር በእርጎ፤ በበጋ ሙቀት የሚበላ ቀላል ሰላጣ

በጭሮ (በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ)፣ በሂርና፣ በበደሳ፣ በገለምሶና በሚኤሶ አካባቢ የመስኖ ውሃ ያለው ገበሬ በበጋ ወራት ጥቂት መደብ ኪያር ቢተክል ከ50 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መልቀም ይጀምራል። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ኪያር በአንድ ጊዜ ይደርሳል፤ በየሁለት ቀኑ ካልተለቀመም ያረጃል፤ ዘሩም ይጠነክራል። ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ውሃ ስለሆነ እንደ ሽንኩርት ተንጠልጥሎ፣ እንደ ድንችም ተከምሮ ሊቆይ አይችልም። ሁሉም ገበሬ በአንድ ቀን ይዞት ወደ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይወድቃል፤ ያልተሸጠውም ጠውልጎ ይጣላል።

ስለዚህ ከገበያ የተረፈው ኪያር በቤት ውስጥ ለምግብ የሚውልበትን አንድ ቀላል መንገድ ከዚህ ቀጥሎ እናስረዳለን።

ምግቡ ከየት የመጣ ነው?

ይህ ሰላጣ በስዊድን፣ በኖርዌይና በዴንማርክ፣ በአጠቃላይ ስካንዲናቪያ በሚባሉት አገሮች፣ የተለመደ ነው። የእነርሱ የሙቀት ወራት ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ማለት የእኛ ክረምት ነው። ኪያሩን በስሱ ቆርጠው፣ በጨው አሽተውና ውሃውን ጨምቀው በኮመጠጠ ክሬም ይለውሱታል፤ ዲል የሚባል የእንስላል ዘመድ የሆነ ቅጠልም ይጨምሩበታል።

ለእኛ ገበሬ ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። በክሬሙ ፈንታ እርጎ፣ በዲሉ ፈንታ የእንስላል ቅጠል፣ በኮምጣጤው ፈንታ ሎሚ አለን። ስለዚህ ከሱቅ የሚገዛው ጨውና ጥቂት ስኳር ብቻ ነው።

አስቀድሞ መጠንቀቅ የሚገባው

ይህ ምግብ እሳት ሳይነካው የሚበላ ስለሆነ ንጽሕናው ካልተጠበቀ ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ያመዝናል።

1ኛ/ ስለ ወተቱ። ያልተፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳን የመሰሉ በሽታዎችን ወደ ሰው ያስተላልፋል። ብሩሴሎሲስ ላሟን የሚያስጨነግፍ በሽታ ነው፤ ሰውን ሲይዝ ደግሞ እየተመላለሰ ያተኩሳል፤ መገጣጠሚያንም ያማል። ወተቱ ረግቶ መኮምጠጡ ብቻ ይህን በሽታ ለማጥፋት አስተማማኝ አይደለም። ስለዚህ ወተቱ አስቀድሞ ይፈላል፤ ለብ እስኪል ከቀዘቀዘ በኋላ ቀደም ሲል ከተፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ አንድ ማንኪያ ይጨመርበታል፤ ተከድኖም ያድራል። ዕቃውን በወይራ ማጠን መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን ማጠን ወተት ማፍላትን አይተካም።

2ኛ/ ስለ ውሃው። ኪያሩና ቅጠሉ የሚታጠቡት ተፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በውሃ ማከሚያ መድኃኒት በታከመ ውሃ ነው። የመድኃኒቱ መጠን በመያዣው ላይ እንደተጻፈው ይሁን። የመስኖ ቦይ ውሃ ለማጠቢያ አይሆንም።

3ኛ/ ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት። በጫት ማሳ አጠገብ ወይም በመካከሉ ኪያር የተከለ ገበሬ በጫቱ ላይ የሚረጨው መድኃኒት በነፋስ ወደ ኪያሩ እንደሚደርስ ማወቅ አለበት። መድኃኒት የነካው ኪያር በውሃ ስለታጠበ ብቻ ንጹሕ ሆነ አይባልም። ለኪያር የተፈቀደ መድኃኒት ሲረጭም በመያዣው ላይ የተጻፈው የቀን ቁጥር ሳይሞላ መልቀም አይገባም። ከሁሉ የሚሻለው ኪያሩን ከጫቱ አርቆ መትከል ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለአምስት ሰው የሚበቃ፦
መካከለኛ የሆነ ለጋ ኪያር 3፤
እርጎ 4 የቡና ስኒ፤
ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፤
ስኳር ግማሽ የሻይ ማንኪያ፤
የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ፤
ትንሽ ቀይ ሽንኩርት 1 ራስ፤
የተከተፈ የእንስላል ቅጠል 2 የሾርባ ማንኪያ፤
ቁንዶ በርበሬ ጥቂት።

አሠራር

እርጎውን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ቋጥሮ ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዓት ማንጠልጠል። አጓቱ ሲንጠፈጠፍ በጨርቁ ውስጥ የሚቀረው እርጎ ወፍራም ይሆናል። አጓቱ አይደፋም፤ ሊጥ ይለወስበታል ወይም ይጠጣል።

ኪያሩን ማጠብና ከጫፉ ቆርጦ መቅመስ። ውሃ የተጠማ ኪያር ይመራል፤ ምሬቱም ይበልጡን በግንዱ በኩል ባለው ጫፍና በልጣጩ ላይ ይገኛል። ጫፉ ብቻ ቢመር ቆርጦና ልጦ መጠቀም ይቻላል፤ መሐሉም ከመረረ ግን መጣል ይሻላል።

ቀጥሎ ኪያሩን በስሱ ክብ ክብ አድርጎ መቁረጥ፤ ጨውን ነስንሶ ማሸት፤ በላዩ ሳሕን ደፍቶ ንጹሕ ድንጋይ መጫንና ግማሽ ሰዓት ማቆየት። ከዚያም በእጅ ጨምቆ ውሃውን መድፋት። እጅ አስቀድሞ በሳሙና መታጠቡን እዚህ ላይ መርሳት አይገባም።

በመጨረሻ ወፍራሙን እርጎ ከሎሚው፣ ከስኳሩ፣ ከቁንዶ በርበሬው፣ በደቃቁ ከተከተፈው ሽንኩርትና ከእንስላሉ ጋር መምታት፤ ኪያሩንም ጨምሮ መለወስ። ተጨማሪ ጨው ከመጣሉ በፊት ይቀመስ፤ ኪያሩ ጨው ይዟልና።

ጨው ለምን አስፈለገ?

ጨው በኪያሩ ውስጥ ያለውን ውሃ ስቦ ያወጣል። ይህ ሳይደረግ ኪያሩ እርጎ ውስጥ ቢገባ ውሃው በኋላ ስለሚወጣ ሰላጣው ይቀጥናል፤ ጣዕሙንም ያጣል። ውሃው አስቀድሞ ከወጣ ግን እርጎው እንደወፈረ ይቆያል።

አመጋገቡና አቀማመጡ

ሰላጣው በማሽላ እንጀራ፣ በዳቦ ወይም ከተቀቀለ ድንች ጋር ይበላል። ኪያር ብቻውን ሰውነት የሚገነባ ምግብ አይደለም፤ ለልጆች አካልና አጥንት የሚጠቅመው ፕሮቲንና ካልሲየም የሚገኘው ከእርጎው ነው። ስለዚህ እርጎው ሁሉ ለገበያ እንዳይወጣ፣ ለቤቱም ልጆች እንዲቀር እንመክራለን።

በሚኤሶና በመሰሉት ቆላማ ቦታዎች የግመል ወተት የሚያገኝ ቤተሰብ አለ። የግመል ወተት እንደ ላም ወተት ጠጥሮ ስለማይረጋ ለዚህ ሰላጣ የላም ወተት ይመረጣል። በቆላ ሙቀት የተሠራው ሰላጣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይበላ እንጂ አይደር።

በሮመዳን ወር ለማፍጠሪያ ቢቀርብ ቀዝቃዛና ቀላል ስለሆነ ይስማማል። የክርስቲያን ጾም በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ በእርጎው ፈንታ ተወቅጦና ተጠልሎ የወፈረ የሱፍ ውሃ ማድረግ ይቻላል።

ለልማት ሠራተኞች

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ከመናገር ሠርቶ ማሳየት ይበልጣል። እናቶችና አባቶች በተሰበሰቡበት ሁለት ሳሕን አቅርቡ፤ በአንዱ ጨው የተደረገበትና የተጨመቀ፣ በሌላው እንዲሁ የተቆረጠ ኪያር በእርጎ ለውሱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱን አስቀምሱ። ልዩነቱን ሕዝቡ ራሱ ይፈርዳል። ወተት የማፍላቱንና የፀረ ተባዩን ነገርም ሳሕኑ ገና በእጃቸው ሳለ ብትነግሯቸው ይበልጥ ያደምጧችኋል።

ገበሬ ሆይ! ሳይሸጥ የተመለሰ ኪያር ኪሳራ ብቻ አይደለም። በንጽሕና ከተሠራ ለልጆችህ ራት ይሆናልና ከመጣልህ በፊት አንድ ጊዜ ሞክረው።