ናሽናልስ በ2026፦ ማንን እንሽጥ? ማንን እናቆይ?

ባለፈው ሳምንት በማኅበራችን የቡና ፕሮግራም ላይ አንድ አዲስ ተማሪ ኮፍያዬን አይቶ «ይሄ የዋልግሪንስ አርማ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ መሆን እንደዚህ ነው። ቆየት ብሎ ግን ከምሩ ጠየቀኝ፦ «ሁሌ የሚሸነፍ ቡድን ለምን ትደግፋለህ? ለሚቀጥለው ዓመትስ ምን ተስፋ አለው?» ሦስተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ መልሼ አልጨረስኩም። የቀረውን እነሆ። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ያለንበትን እንመልከት። ናሽናልስ በ2019 ሂውስተንን በሰባት ጨዋታ አሸንፎ የዓለም ዋንጫ የሚሉትን ዎርልድ ሲሪስ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ግን ስድስት ዓመት በተከታታይ ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጣል። በ2022 ከ162 ጨዋታ 107ቱን ተሸነፈ። በዚህ ዓመት፣ ማለትም በ2025፣ 66 አሸንፎ 96 ተሸነፈና ከምድቡ መጨረሻ ሆነ። ዋንጫውን ያመጡት ጀነራል ማናጀሩ ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝም ጁላይ 6 ቀን ሁለቱም በአንድ ቀን ተሰናበቱ።

እንደ እኔ በእግር ኳስ ላደገ ሰው መጀመሪያ የሚያስቸግረው አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች ወደ ታች ይወርዳሉ። እዚህ መውረድ የለም። እንዲያውም ደካማ ቡድን በየዓመቱ በሚደረገው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ ማለትም በድራፍት፣ ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ያገኛል። ስለዚህ የማያሸንፍ ቡድን ታዋቂዎቹን ለሌላ ሰጥቶ ወጣቶችን ይሰበስብና «ጠብቁን» ይላል።

ናሽናልስም ይህንኑ አደረገ። ሁዋን ሶቶ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልፈርምም ሲል፣ ኦገስት 2 ቀን 2022 ከጆሽ ቤል ጋር ወደ ሳን ዲዬጎ ተላከ። በምትኩ ስድስት ተጫዋቾች መጡ። የዚያን ቀን የአጎቴ ልጅ የሶቶን 22 ቁጥር ማሊያ አጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ ከተተው፤ እስከ ዛሬም አላወጣውም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ልውውጡ መጥፎ አልነበረም። ከመጡት መካከል ሲጄ ኤብራምስ በ2024፣ ጄምስ ዉድና መኬንዚ ጎር ደግሞ በ2025 ለኦል ስታር ተመርጠዋል። ታዲያ ሦስት እንዲህ ያሉ ልጆች ያሉት ቡድን እንዴት 96 ጊዜ ይሸነፋል? ዋናው ችግር ውርወራው ነው። የቡድኑ ወርዋሪዎች ዘንድሮ በአንድ ሙሉ ጨዋታ በአማካይ ከአምስት ነጥብ በላይ አስገብተዋል። ሁለተኛው ችግር ከከዋክብቱ ሥር ያሉት ወጣቶች እንደተጠበቀው አለማደጋቸው ነው።

የሚቀጥለውን ዓመት ውሳኔ ለመረዳት የውሉን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ተጫዋች ወደ ትልቁ ሊግ ከገባ በኋላ ለስድስት ዓመት ያህል የቡድኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የሚከፈለው ወደ ዝቅተኛው ደመወዝ የተጠጋ ነው፤ ይህም በ2025 760 ሺህ ዶላር ነበር። በቀሩት ሦስት ዓመታት ደመወዙ በድርድር ወይም በግልግል ዳኞች ይወሰናል። ከዚያ በኋላ ነፃ ነው፤ የፈለገው ጋር ይፈርማል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች የሚቆጥር ሰዓት አለው ማለት ነው። የጎር ሰዓት የሚያልቀው በ2027 መጨረሻ፣ የኤብራምስ በ2028፣ የዉድ ደግሞ በ2030 ነው።

ትልቁ ጥያቄ ጎር ነው። በ2025 26 ዓመቱ ነበር፤ በግራ እጁ ይወረውራል። ዘንድሮ 160 ኢኒንግ እንኳ ሳይሞላ 185 መቺዎችን በስትራይክ አውት አስወጥቷል፤ የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ግን ከብዶታል። የእኔ ሐሳብ ዋጋው ጥሩ ከሆነ በዚህ የእረፍት ወቅት ይሰጥ የሚል ነው። አሁን የሚወስደው ቡድን ሁለት ሙሉ ዓመት ያገኛል፤ እስከ ሚቀጥለው ጁላይ ብንቆይ ግን ዋጋው ይቀንሳል። የወርዋሪ ክንድ ደግሞ አይታመንም። ኬድ ካቫሊ ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ትልቁ ሊግ የተመለሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ዘንድሮ በኦገስት ነው። ጆሳያ ግሬይም በዚያው ምክንያት ከሜዳ ርቋል።

ኤብራምስ ግን ይቆይ። ዘንድሮ 31 ቤዝ ሰርቋል። ሾርትስቶፕ ላይ ስህተት ያበዛል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ቦታውን የሚረከብ ዝግጁ ሰው የለም። በዘንድሮው ድራፍት በአንደኛ ደረጃ የተመረጠው ኢላይ ዊሊትስ ሲመረጥ ገና 17 ዓመቱ ነበር።

ዉድን የሚሸጥ ሰው ካለ እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ እከለክለዋለሁ። 31 ሆም ራን መትቷል። ግን 221 ጊዜ በስትራይክ አውት ወጥቷል፤ በአንድ ሲዝን የተመዘገበው ከፍተኛው ቁጥር 223 ነው። ይህ ልጅ የሚያስፈልገው ረጅም ውልና ጥሩ የምት አስተማሪ ነው። በ2023 በሁለተኛ ደረጃ የተመረጠው ዲለን ክሩስም እስካሁን ምቱ ደካማ ነው፤ ቢሆንም ሳያቋርጥ አንድ ሙሉ ዓመት ይሰጠው እላለሁ።

አንዳንድ ደጋፊ «ለምን አንድ ዓመት ደግሞ ተሸንፈን ጥሩ ምርጫ አናገኝም?» ይላል። ይህ በ2026 ድራፍት አይሠራም። ናሽናልስ ትልቅ ገበያ ካላቸው ቡድኖች ስለሚቆጠር፣ የመጀመሪያዎቹን ምርጫዎች በሚያወጣው ሎተሪ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሊገባ አይችልም፤ ከ10ኛ በላይም መምረጥ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ዘንድሮ የተሸነፍነው 96 ጨዋታ ያተረፈልን ነገር የለም።

በእኔ እምነት ዋናው ጉዳይ ማንን መሸጥ አይደለም፤ የመጣውን ማሳደግ መቻል ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ግን የሚታቀፈው ዶሮ ሲኖር ነው። በሶቶ ልውውጥ ጥሩ ዕንቁላል አግኝተን ነበር፤ ያጣነው የሚታቀፍ ነው። ለዚህ ነው በአዲሶቹ ኃላፊዎች ተስፋ ያደረግሁት። የቤዝቦል ክፍሉን የሚመራው፣ ሲሾም 35 ዓመቱ የነበረው ፖል ቶቦኒ ከቦስተን ሬድ ሶክስ፣ ሲሾም 33 ዓመቱ የነበረው አሰልጣኙ ብሌክ ቡቴራ ደግሞ ከታምፓ ቤይ ሬይስ መጡ። ሁለቱም ያደጉት ወጣት ተጫዋች በመምረጥና በማሳደግ ሥራ ነው።

ይህን ስል ባለቤቶቹን ነፃ ማውጣቴ አይደለም። ጎርን ሰጥቶ ገንዘብ ሳያወጡ መቀመጥ ደጋፊውን መናቅ ነው። ቢያንስ ሁለት ልምድ ያላቸው ወርዋሪዎች በአጭር ውል ይምጡ። ካቸሩ ኪበርት ሩይስም ዘንድሮ በጭንቅላት ጉዳት ከጁላይ ጀምሮ ስላልተጫወተ፣ አብሮት የሚሠራ ሌላ ካቸር ያስፈልጋል። አሥር ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሜ የ2019ን ዋንጫ አያስታውስም፤ የሚያውቀው ሽንፈትና «ጠብቁ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ልጅን ስድስት ዓመት ያስጠበቀ ሰው በሰባተኛው ዓመት አንድ ነገር ማሳየት አለበት።

እንግዲህ ለአዲሱ ተማሪ መልሴ ይህ ነው። 2026 የዋንጫ ዓመት አይሆንም፤ 70 ጨዋታ ካሸነፍን እኔ ደስ ይለኛል። የማየው ሦስት ነገር ነው፦ የዉድ ስትራይክ አውት መቀነሱን፣ ክሩስ መምታት መጀመሩን፣ ካቫሊ ሳይጎዳ ዓመቱን መጨረሱን። ሦስቱ ከሆኑ በ2027 ሌላ ወሬ እናወራለን። በኤፕሪል ግሪን ላይንን ይዘን ኔቪ ያርድ እንወርዳለን። ታናሽ ወንድሜም አብሮን ይመጣል፤ ቆሎው በእኔ ነው።