የወር አበባ ሕመም ለበረታባቸው እናቶች

እናቶች ሆይ! ሶዶ ሆስፒታል ተመርምራችሁ «ሕመምሽ ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው» ብትባሉ አትደንግጡ። የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ሲበቅል የሚመጣ ሕመም ነው። ለመውለድ ዕድሜ ከደረሱ 10 ሴቶች አንዷን ያህል ይይዛል። እርግማን አይደለም፤ ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም፤ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም።

ሕመሙ ሲነሣ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልታችሁ፥ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከእምብርት በታች ያዙበት። ሐኪም ያዘዘውን ኢቡፕሮፌን እህል ቀምሳችሁ ዋጡ፤ ጨጓራ ያለባት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች አስቀድማ ትናገር። በየ3 ወሩ የሚሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌም ለብዙዎች ሕመሙን ያበርዳል፤ አሁን ልጅ ለምትፈልግ ግን አይሆንም።

አባወራዎችንም፥ በነዚያ ቀኖች ውሃ መቅዳቱና እንሰት መፋቁ በርሷ ላይ ብቻ አይውደቅ ብለን እንመክራለን። ሕመሙ እምቢ ካለ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፤ ችሎ መቀመጥ አይበጅም።